ኳሷን ማን ነካት?

አጭበርባሪ ተጫዋችን ሞት አያስተወውም። ሌላውን አመል ሁሉ ያስተወው ይሆናል፤ ሲጋራውን ያስጥለዋል፣ ከሚስቱ ጋር መነታረኩን ያስቆመዋል፣ ማንኮራፋቱንም ጸጥ ያሰኘዋል። በጨዋታ መሀል እጁን፣ ወይም እንደ አጎቴ እንደ ዊልፍ እግሩን፣ መላክ የለመደ ሰው ግን መቃብር አይመልሰውም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ይህን የምለው ሙታንን ለመዳፈር አይደለም። ቆሜ አይቼ ነው።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በየቤተሰቡ አንድ አለ፤ እናንተ ቤት ከሌለ እናንተው ራሳችሁ ሳትሆኑ አትቀሩም። ካርታ ሲታደል ሁለት ሁለት የሚጣበቅበት፣ ነጥብ ሲደመር ሳል የሚይዘው፣ መሸነፉን ሲያውቅ ጠረጴዛውን በጉልበቱ ገጭቶ "ውይ ይቅርታ፣ በቃ ከመጀመሪያው እንጀምር" የሚለው ሰው ነው። የሚደንቀው ደግሞ ይኸው ሰው ከጨዋታ ውጪ የሰው መርፌ አይነካም። አጎቴ ዊልፍ ዕድሜውን ሙሉ በስኬልቢ ከተማ አውቶቡስ ነድቷል። አንድ ቀን መቀመጫ ሥር ነጠላ የጆሮ ጌጥ አገኘና፣ ሥራውን ሲጨርስ ከነዩኒፎርሙ በዝናብ እየዞረ የመንገዱን ቤቶች አንድ በአንድ ሲያንኳኳ አመሸ። ባለቤቷ ስትገኝ ጌጡ የረባ ነገር አልነበረም። እሱ ግን ትልቅ ውድድር እንዳሸነፈ ሰው እየሳቀ ቤቱ ገባ።

አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ሲወጡ ግን ክቡርነታቸው ሌላ ሰው ነበሩ።

ስኬልቢ ላይ የባሕሩ ዳር መንገድ የሚያልቅበት ቦታ "የካፒቴን ግሪም የሰመጠች መርከብ" የሚባል ሚኒ ጎልፍ አለ። በሻርክ ዓሣ መንጋጋ በተሠራ በር ይገባል፣ በተጋደመች መርከብ ይወጣል። መሀሉ ላይ ክዳኑ ብድግ ቁጭ የሚል የሬሳ ሣጥን፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ዋሻ፣ ቀይ ካፖርት የለበሰ የፕላስቲክ አፅም አለ። አፅሙ ካፒቴኑ ነው። ኳስ በእግሮቹ መሀል ባለፈች ቁጥር ሆዱ ውስጥ የተደበቀው ድምፅ ማጉያ "ሃ ሃ ሃ፣ ነፍስህ የኔ ናት!" ይላል። የባሕሩ ጨው ቀለሙን ልጦታል፤ ጥርሱም ግማሹ ረግፏል። እኛ የሃርግሪቭ ቤተሰቦች በየዓመቱ የምንሰበሰበው ቦታው ለብርዱ ወራት በሚዘጋበት የመጨረሻ እሑድ ነው፤ አጎቴ የሙቀቱን ወራት ሙሉ እንግዳ ሲያመላልስ ስለሚከርም ከዚያ በፊት ፋታ አልነበረውም። ጨዋታው ቀላል ነው። ኳሷን በዱላ እየመቱ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ መሄድ ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ዋንጫችን የሴት አያቴ የተጨረማመተ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል።

የአጎቴ ጥበብ ከጫማው ይጀምራል። ከእግሩ የሚበልጥ ጫማ፣ ጫማውን የሚሸፍን ሰፊ ሱሪ። ጉድጓዱ አጠገብ ይቆምና ባሕሩን ያያል፤ ልክ ግጥም ሊያወርድ እንደተዘጋጀ ሰው።

"እዩ፣ እዩ፣ መርከብ!" ይላል።

እኛ እንዞራለን። መርከብ የለም። ስንመለስ ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ርቃ የነበረችው ኳስ ጉድጓዱ ውስጥ ናት።

"ነፋሱ ነው" ይላል።

"አባዬ፣ ነፋስ የለም እኮ!" ትላለች ልጁ ጁዲት።

"እላይ የለም። እታች ግን አለ። ምድር ለምድር የሚሄድ ነፋስ አለ፤ እናንተ ጎንበስ ስለማትሉ አታውቁትም።"

"ነካሃት!"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካኋትም!"

መሐላ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የአጎቴ ፊት ከአገጭ እስከ ፀጉር ግንባር ብቻ በሆነ ነበር። ጁዲት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነገር በማስረጃ ካልሆነ አይዋጥላትም። አንድ ዓመት የሕፃን ፓውደር በቦርሳዋ ይዛ መጣችና አባቷ ሳያይ በአንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ነሰነሰችው። "መርከብ!" ተባለ፤ ዞርን፤ ተመለስን። ነጩ ፓውደር ላይ የግራ እግር ጫማ ከነተረከዙ ታትሟል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ሰውዬማ በጣም ነውረኛ ነው" አለ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይገባን ኖረ። ይህ ሁሉ ተንኮል እያለው አጎቴ ዊልፍ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጣው። ሰርቆም የማይሞላለት ሌባ እያልን ስንስቅበት፣ ታዲያ ምኑን ነው የሚሰርቀው ብሎ የጠየቀ ከመሀላችን አልነበረም።

ሁልጊዜ የምታሸንፈው ሚስቱ ነበረች። አክስቴ ዶሪን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሴቶች ትምህርት ቤት የፈተና ተቆጣጣሪ ነበረች። እሷ በቆመችበት አዳራሽ ዝንብ እንኳ የጎረቤቷን ወረቀት አታይም ይባላል። ላጲስ የተዋዋሱ ልጆችን ለያይታ አስቀምጣለች፤ ስታነጥስ ግድግዳ ያየችን ልጅ "ግድግዳው ላይ ምን ተጽፏል?" ብላ አስጨንቃለች። እንዲህ ያለች ሴት እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አገባችው ለሚል፣ መልሱን እኔም አላውቅም። ማንቆርቆሪያውን በየዓመቱ ይዛ ትገባና የፊት ለፊቱ መስኮት ላይ አድርጋ ላላፊ አግዳሚው ታሳያለች። "በንጹሕ እጅ የተገኘ ነው" ትላለች። ዊልፍ ከኋላዋ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ ወለሉን ያያል።

ነገሩ የፈነዳው አምና ነው። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ፣ መርከቧ ወለል ላይ፣ የዶሪን ኳስ አፋፍ ደርሳ ቆመች። "መርከብ!" አለ አጎቴ። ዶሪን ዞረች፤ ግን ፊቷን ያዞረችው ወደ ቲኬት መሸጫው ጎጆ ነበር፤ የጎጆው መስኮት ጠቁሮ እንደ መስታወት ያሳያል። እዚያ ውስጥ የባሏን የግራ እግር አየችው። እግሩ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፣ የገዛ ራሷን ኳስ በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት፣ ተመለሰ።

ቀስ ብላ ነው የዞረችው።

"ዊልፍ። ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግኸው?"

"ምኑን?"

"ስንት ጊዜ?"

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋሱን አልከሰሰም። "ዶሪን፣" አለ፣ "ስታሸንፊ ፊትሽን አይተሽው አታውቂም። እኔ ነኝ የማየው።"

ሌላ ሴት ብትሆን አቅፋ ትስመው ነበር። ዶሪን ግን ዱላዋን አስቀምጣ ወደ መኪናው ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መልስ ያልገለበጠች ሴት፣ ያ ሁሉ ድሏ በሌላ ሰው እግር የመጣ መሆኑን በአንድ ቅጽበት አወቀች። ማንቆርቆሪያውን ከመስኮቱ አውርዳ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከበረኪናው ጎን ወሸቀችው። ዊልፍን አኮረፈችው። ሻይ ያፈላላታል፣ ትጠጣለች፤ አመሰግናለሁ ግን የለም። መሐላውን፣ ልመናውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በዚያው ሳምንት ዊልፍ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ አረፈ።

"ደህና እደር እንኳ አላልኩትም" አለችኝ ከቀብሩ መልስ። ሰው ሲሞት ሁሉም ያለቅሳል፤ ሳይታረቁ የሞተባቸው ግን ሌላ ዓይነት ነው የሚያለቅሱት። የሞተን ሰው ይቅርታ በየት በኩል ይጠይቁታል?

ከዚያ ነው እንግዳው ነገር የጀመረው።

የባሏ ወንድም ልጅ ነኝና ረቡዕ ረቡዕ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ደርድራ ብቻዋን ስትጫወት አገኘኋት። አንድ ሰው ለብቻው የሚጫወታት፣ ካርታው በተራ በተራው ካልወጣለት የሚሸነፍባት ጨዋታ ናት። ከዕድል በቀር ተጋጣሚ የላትም።

"ኮሊን፣ በሩን ዝጋው" አለችኝ።

ዘጋሁት።

"ካርታው ይወጣልኛል።"

"ጥሩ ነዋ፣ አክስቴ።"

"ሁልጊዜ። ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን አልተሸነፍኩም። በውዤ በውዤ፣ ገልብጬ ደርድሬ... ይወጣል። አንተ በውዘው እስቲ።"

በወዝኩት። እጄ ውስጥ ካርታው ይቀዘቅዝ ነበር፤ ክፍሉ ግን ሞቃት ነው። ደረደረችው። ወጣ። ደግማ ደረደረችው። ወጣ። ሁለታችንም ባዶውን ወንበር ላለማየት ጠረጴዛውን አየን።

"ይቅር ብሎኝ ይሁን እያሾፈብኝ አላውቅም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ኮሊን፣ ይሄን ብቻ ባውቅ። ከዚያ በኋላ ይሂድ።"

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ካርታው እምቢ አለ። እንደ ማንኛውም ሰው ትሸነፍ ጀመር። ሌላው ሰው እፎይ ይል ነበር፤ እሷ ግን ከሳች። "አኮረፈ" አለችኝ። "እኔ ያደረግሁትን አደረገብኝ።" ጁዲት ስትሰማ ተናደደች፤ ካርታ ካርታ ነው፣ እማዬን አታበረታታት ብላ እኔን ሰደበችኝ። ደግ ልጅ ናት። የእናቷ ነገር ስላስፈራት ነው። የመጨረሻው እሑድ ሲደርስ ግን ዶሪን ካፖርቷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኘናት።

"እማዬ፣ ዘንድሮ ይቅርብሽ።"

"እዚያ ነው የተቀያየምነው። እዚያው ነው የምንጨርሰው።"

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ባሕሩ አልነበረም። ጉም በልቶታል። የእኛ ባሕር እንዲህ ሲያደርግ ነፋስ ድርሽ አይልም፤ ጉሙ ልክ እንደ እርጥብ ፎጣ ነገር ላይ ሁሉ ይለጠፋል፤ የሰው ድምፅ ሩቅ ሆኖ ቅርብ፣ ቅርብ ሆኖ ሩቅ ይሰማል። የቦታው ባለቤት ሚስተር ኦግደን ከጎጆው መስኮት አንገቱን አወጣ። የቀብሩ ዕለት ከኛ ጋር ቆሞ ያለቀሰ ሰው ነው።

"ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ በዚህ ጉም ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ አንድም ሰው የለም፤ ሜዳው የእናንተ ብቻ ነው።" እያወራ ዱላና ኳስ ደረደረልን።

ጁዲት አየችው። "ሚስተር ኦግደን፣ ሦስት ነን።"

ሰውዬው ባንኮኒው ላይ ያስቀመጣቸውን አራት ኳሶች አይቶ ጆሮው ቀላ። "ይቅርታ አድርጉልኝ። እጄ ለምዶ ነው።" አንዱን ሊመልስ ሲል ዶሪን ቀደመችው። ብርቱካናማዋን ኳስ አንስታ ካፖርቷ ኪስ ከተተቻት። "ትቆይ" አለች።

በሻርኩ መንጋጋ ገባን። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ላይ ምንም የተለየ ነገር አልሆነም፤ አክስቴ ያለ ረዳት ምን ያህል እንደምትጫወት ብቻ ታየ። መጥፎ አይደለችም። ጎበዝም አይደለችም። በመታች ቁጥር ቆም ብላ ዙሪያዋን ታዳምጣለች። ጁዲት ደግሞ እናቷን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ በመሀላቸው ቀልድ አውቃለሁ ብዬ ቀልድ ሞከርኩ፤ ጉሙ ዋጠው።

የሬሳ ሣጥኑ ጋ ደረስን። ክዳኑ ብድግ ሲል ነው ኳስ የሚያሳልፈው፤ ቁጭ ሲል ይመልሳል። ጁዲት መታች፤ ክዳኑ ዘጋባት። እኔ መታሁ፤ ዘጋብኝ። ዶሪን ስትመታ ክዳኑ ብድግ እንዳለ ቀረ። ኳሷ ተንከባላ ሣጥኑ ውስጥ ገባች፣ በወዲያኛው በኩል ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑ የወረደው። እንደ ሰው ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ።

"ርጥበት ነው" አለች ጁዲት ቶሎ ብላ። "ሞተሩ ውስጥ ርጥበት ገብቶ ነው።"

"ማን ምን አለሽ?" አለች እናቷ።

ዋሻው ውስጥ ጨለም ይላል፤ ተራ በተራ ነው የሚመታው። ዶሪን መታች፤ ኳሷ ግድግዳውን ቋ አድርጋ ሄደች። ጁዲት መታች፤ ቋ። እኔ መታሁ፤ ቋ። ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ልወጣ ስል ከኋላችን አራተኛ ቋ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ ሰነፍ ምት። ልክ ሊያሸንፍ እንደማይፈልግ ሰው ምት። ከዚያ የሆነ ነገር በውሃው ላይ እየተንከባለለ በአጠገባችን አለፈ፤ እኔ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቅዝቃዜው ተሰማኝ።

ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

"ሌላ ቤተሰብ ገብቶ ይሆናል" አለች ጁዲት። ድምፅዋ ግን የመድኃኒት ቤቱ ድምፅ አልነበረም። "ሄሎ? ማን አለ?"

የሚያንጠባጥበው ውሃ ብቻ መለሰ። ዶሪን እጇን ኪሷ ከተተች። ረጅም ጊዜ ሳታወጣው ቆየች።

"አለች?" አልኳት።

"አለች" አለች። ብርቱካናማዋን ኳስ በመዳፏ አውጥታ አሳየችን። "ግን እርጥብ ናት።"

እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ትቼ ብሮጥ ደስ ባለኝ። ያላስሮጠኝ የአክስቴ ፊት ነው። ፈርታ አልነበረም። የፈተና ውጤት በር ላይ ተለጥፎ፣ ስሟን እንደምትፈልግ ልጅ ነበረች።

ካፒቴኑ ጋ ስንደርስ ማንም ኳስ ሳይመታ ሳቀብን። "ሃ ሃ ሃ፣ ነፍስህ..." ብሎ መሀል ላይ ተቋረጠ። ከጎጆው በኩል የሚስተር ኦግደን ድምፅ በጉሙ ውስጥ መጣ። "መብራቱን አጥፍቼዋለሁ! ሽቦው ውሃ ነክቶታል! ቀስ ብላችሁ ጨርሱ!" እኔም ጁዲትም መብራቱ ከሳቁ በፊት ይጥፋ ከሳቁ በኋላ ልንጠይቀው አልደፈርንም።

ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ወጣን። መርከቧ ወደ ጎን ስለተጋደመች ወለሉ ዳገት ነው። ጉድጓዱ ጫፉ ላይ ካለው የሀብት ሣጥን ፊት ነው፤ እዚያ የገባች ኳስ በቱቦ ወርዳ ወደ ጎጆው ትሄዳለች እንጂ አትመለስም። ዶሪንና ጁዲት እኩል ነበሩ። ጁዲት በሦስት ምት ጨረሰች። ዶሪን ሁለት መታች። ሁለተኛዋ ዳገቱን ቀስ እያለች ወጣች፣ ወጣች፣ አፋፉ ላይ ደረሰች፣ ቆመች። ግማሽ ጎኗ ባዶ ላይ ነው። ሰው ቢተነፍስባት የምትገባ ይመስላል።

በእኛ ቤት ደንብ አፋፍ ላይ የቆመች ኳስ ትንሽ ትጠበቃለች። በራሷ ከገባች ትቆጠራለች። ስለዚህ ጠበቅን። ነፋስ የለም። እላይም የለም፤ እታችም የለም።

አክስቴ ዱላዋን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ዊልፍ" አለች። በጎረቤት ክፍል ላለ ሰው እንደሚወራ ነበር ያወራችው። "ዕድሜዬን ሙሉ አትንካ፣ አትንካ ስልህ ኖርኩ። ዛሬ ንካት። ስለማሸነፉ አይደለም። ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ ንካት። እኔ አላይም። ይኸው፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።"

ጁዲት አፏን በጓንቷ ያዘች። ኳሷ አልተንቀሳቀሰችም። ጉሙ በመርከቧ ወለል ላይ እየተሳበ ወደ እኛ መጣ፤ መጀመሪያ ሣጥኑን ሸፈነ፣ ቀጥሎ የእኔን ጉልበት። ዶሪን ትጠብቃለች። ኳሷ አልተንቀሳቀሰችም። አሮጊቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ ከንፈር ያሳዘነኝ ነገር የለም።

እግሬን ማን እንዳዘዘው አላውቅም። እኔ አላዘዝኩትም። አጎቴን ስተች፣ ሳሽሟጥጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግራ እግሬ ግን በጉሙ ሥር ቀስ ብሎ ተዘረጋ። እንደ ውሃ ወፍ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ልነካት ነበር፤ ይህን አልክድም። ጫማዬ ከኳሷ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው፣ ስንዝር ነው የምላችሁ፣ ኳሷ ገባች።

ትክ ብዬ እያየሁ ነው የገባችው። ዝም ብላ አልወደቀችም። ከኋላዋ አንድ ነገር ነካ እንዳደረጋት ሁሉ ጎኗ ነቅነቅ ብሎ፣ ፊቷን ወደ ውስጥ አድርጋ ነው የገባችው። ቱቦው ውስጥ ወደ ታች ስትንኳኳ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

"ኮሊን!" ጮኸች ጁዲት። "አየሁህ! እግርህ እዚያው ነው! እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ? በእሷ ላይ?"

እግሬ እውነትም እዚያው አየር ላይ ነበር። አወረድኩት። "አልነካኋትም።"

"በዓይኔ በብሌኑ አይቼህ?"

"ጁዲት፣ አልደረስኩባትም። ስንዝር ይቀረኝ ነበር።"

"ዓይን አውጣ! የዊልፍ ደም!"

ዶሪን ዓይኗን ገልጣ ነበር። ወደ እኔ መጣች። ያ የፈተና አዳራሽ ዓይን፣ ስንት ልጅ ያስለቀሰ ዓይን፣ ፊቴ ላይ ቆመ። ሁሉም ነገር በዚህች ሴት ፍርድ ላይ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል፤ እኔ ከነካኋት ዊልፍ የለም፣ መልስም የለም፣ ይቅርታም የለም።

"እየኝ" አለችኝ።

አየኋት።

"ነካሃት?"

"አልነካኋትም፣ አክስቴ።"

ይህን ጥያቄ በዚህ ወለል ላይ ስንት ዓመት ጠይቃለች። ይህንኑ መልስ ስንት ዓመት ሰምታለች። አንድም ቀን አምና አታውቅም። አሁን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነሳ፤ በግራ ትከሻዬ በኩል አልፎ፣ ምንም ወደሌለበት ወደ ጉሙ ሄደ፣ እዚያም ቀረ።

"አምኜሃለሁ" አለች። "አምኜሃለሁ፣ ሆዴ።"

አክስቴ እኔን በሕይወቷ ሆዴ ብላኝ አታውቅም። አልዞርኩም። ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት አንገቴ እሺ አላለኝም፤ የጀርባዬ ቆዳ ብቻ ሁሉንም ነገር ያውቅ ነበር። ጁዲት ግን ፊቷ ወደዚያ ነበር። ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ስለ ርጥበት አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ ወጥተን የተጠበሰ ዓሣና ድንች በኮምጣጤ በላን፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ተሸፍኖ። አክስቴ የሁለታችንንም ድርሻ ጨረሰች። ጁዲት እኔ አልነካሁም ስል አሁንም ራሷን ትነቀንቃለች፤ እናንተም እንደማታምኑኝ ፊታችሁ ያስታውቃል፤ እግሩን ዘርግቶ የተያዘ ሰው ማን ያምነዋል? ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። ያ ሰውዬ ከማለው መሐላ ሁሉ ውስጥ ስንቱ እውነት ነበር? ስንት ጊዜ ነው እግሩ ሳይደርስ ኳሷ ገብታ፣ እኛ ሌባ ሌባ ስንለው፣ ብቻውን ከእውነቱ ጋር ቆሞ የቀረው?

ናፍቆኛል። ተመልሶ መጥቶ ዓይኔ እያየ ቢያጭበረብረኝ ዝም ብዬ መርከብ ፍለጋ ወደ ባሕሩ እዞርለት ነበር።